የሻንጣ ቁልፍ፦ የትኛው ገንዘቡን ያወጣል?

ቀይ አልማዝ ወይም ቀይ ችቦ የታተመበት የሻንጣ ጓጉንቸር ስትገዙ፣ መክፈቻው ሌላ ሰው እጅም ያለ ጓጉንቸር ነው የምትገዙት። ጉድለት አይደለም፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ጣጣው ሌባ ይከላከልልኛል ብሎ ለሚገዛው ሰው ነው። እዚህ የምንመዝነው በአሜሪካ ሱቆችና በኢንተርኔት ገበያ በብዛት የሚገኙትን ዓይነቶች ሲሆን፣ መለኪያችን ከዋሽንግተን፣ ከቺካጎ ወይም ከአትላንታ ተነስቶ ቦሌ ደርሶ የሚመለስ፣ ሲሄድ ስጦታ ሲመለስ በርበሬና ሽሮ የሚጫንበት ሻንጣ ነው።

ምልክቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም ቲኤስኤ የሚለው የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ ነው። ከ2002 መጨረሻ አንስቶ በአሜሪካ ኤርፖርቶች ወደ አውሮፕላን ሆድ የሚገባ ሻንጣ ሁሉ ለፈንጂ መፈተሽ ግድ ሆነ፤ የተጠረጠረው ሻንጣ ተቆልፎ ከተገኘ ቁልፉ ይቆረጣል። ይህን ለማስቀረት ትራቭል ሴንትሪ የተባለው ድርጅት በ2003 ፈታሾች በጋራ መክፈቻ የሚከፍቱትን ጓጉንቸር ገበያ ላይ አዋለ። ቀዩ አልማዝ የእሱ ምልክት ነው፤ ቀዩ ችቦ የተፎካካሪው የሴፍ ስካይስ። አልማዙ ያለበትን ጓጉንቸር ገልብጣችሁ ብታዩ ከመክፈቻው ቀዳዳ አጠገብ “ቲኤስኤ 002” ወይም “ቲኤስኤ 007” የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ፈታሹ የትኛውን መክፈቻ እንደሚያነሳ የሚያውቀው በዚህ ቁጥር ነው። አልማዙ ኖሮ ቁጥሩና ቀዳዳው የሌለው ከሆነ አስመስሎ የተሠራ ነውና አትግዙት፤ መቁረጫ የሚቀርበው ለእንዲህ ያለው ነው።

መክፈቻዎቹ ምስጢር መሆናቸው ግን ካበቃ ቆይቷል። በ2014 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ የመክፈቻዎቹን ፎቶ አወጣ፤ በ2015 ከፎቶው ተቀድቶ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተምበት ፋይል ለሕዝብ ተለቀቀ፤ በ2016 የሴፍ ስካይሱም ተከተለ። ቲኤስኤ በወቅቱ የሰጠው መልስ፣ ጓጉንቸሮቹ ለተጓዡ የአእምሮ ሰላም የሚሸጡ ዕቃዎች እንጂ የበረራ ደህንነት አካል አይደሉም የሚል ነበር። እውነቱን ነው።

ደግሞም ሻንጣ ለመክፈት መክፈቻ የሚፈልግ ሌባ ብዙ አይደለም። ዚፕ ያለው ሻንጣ አብዛኛው በእስክርቢቶ ይከፈታል፦ ጫፉን በዚፑ ጥርሶች መካከል ወጋ አድርጎ መግፋት ነው፤ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። ዕቃ ከወጣ በኋላ አብረው የተቆለፉትን ሁለቱን የዚፕ መጎተቻዎች እንደተቆለፉ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መንዳት ብቻ በቂ ነው፤ ዚፑ ተመልሶ ይገጥማል፤ ጓጉንቸሩም ሳይነካ ቦታው ላይ ይገኛል። ዕቃ ጎድሎበት “ቁልፉ እንዳለ ነው እኮ” እያለ ለሚገረም ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ የሚያስጥል አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መጎተቻዎቹ መንቀሳቀስ እንዳይችሉ አድርጎ ከሻንጣው ቋሚ ክፍል ጋር ማሰር ነው፤ የጎን እጀታ ወይም ከጨርቁ ጋር የተሰፋ ቀለበት ይበቃል። በእስክርቢቶ መክፈት አሁንም ይቻላል፤ መዝጋት ግን አይቻልም፤ ስለዚህ ሻንጣው መነካቱን ገና ከሻንጣ ማጓጓዣ ቀበቶው ላይ ስታነሱት ታያላችሁ። አጭርና ደረቅ ቅስት ያለው ጓጉንቸር እጀታው ጋ አይደርስም። የምርጫችን ጉዳይ እዚህ ላይ ይወሰናል።

ደረቅ የብረት ቅስት ያለው ባለ ሦስት ቁጥር ጓጉንቸር፣ ማለትም ሁለትና አራት ሆኖ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው፣ ከጓጉንቸሮቹ ሁሉ የረከሰና ከሁሉ ያነሰ ነው። ቅስቱ ለብዙ መጎተቻ ቀዳዳ ይወፍራል፤ የገባው ደግሞ ማጓጓዣ ቀበቶው ጠርዝ ላይ ሲያዝ ይሰበራል፣ አለዚያ መጎተቻውን ይዞት ይሄዳል። ሦስት ቁጥር ማለት 1000 አማራጭ ነው፤ በሴኮንድ አንድ እየሞከሩ ከ17 ደቂቃ አያልፍም። በእጁ የለመደ ሰውማ ቅስቱን ወደ ላይ እየሳበ እያንዳንዱን የቁጥር ጎማ ሲያዞር የሚይዝበትን ቦታ በጣቱ ይሰማዋል። አራት ቁጥር ያለው 10000 አማራጭ አለው፤ ነገር ግን ዚፑ ባለበት ሁኔታ ለልዩነቱ ብዙ መክፈል ሞኝነት ነው።

ገንዘቡን የሚያወጣው ፕላስቲክ የለበሰ የሽቦ ገመድ ያለውና የመከፈት ምልክት የሚያሳየው ነው። ገመዱ በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፤ ረዘም ያለውን ከመረጣችሁ ሁለቱን መጎተቻና የጎን እጀታውን አንድ ላይ ያስራል። በጉጠት ይቆረጣል ለሚል፣ አዎ ይቆረጣል፤ ደረቁም ይቆረጣል። ዋናው ጥቅሙ ምልክቱ ነው፦ በጋራ መክፈቻ ከተከፈተ ትንሿ መስኮት ወደ ቀይ ትቀየራለች፣ ወደ ቦታዋ የምትመለሰውም በራሳችሁ ቁጥር ስትከፍቱት ብቻ ነው። ሻንጣውን ከቀበቶው ላይ እንዳነሳችሁ፣ ከአዳራሹ ሳትወጡ እሷን እዩ። ቀይ ሆና ውስጥ የቲኤስኤ የፍተሻ ማስታወቂያ ወረቀት ካለ ፈታሽ ነው የከፈተው። ቀይ ሆና ወረቀት ከሌለ ጥያቄ አለ ማለት ነው፤ እዚያው ዕቃችሁን ቁጠሩ።

በሻንጣው ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ቁልፍ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለው። የመክፈቻ ቀዳዳ ይታያል፣ መክፈቻ ግን አብሮ የለም። ሱቁ ረስቶ አይደለም፤ ቀዳዳው የፈታሾቹ ነው፣ የእናንተ ቁጥሩ ነው። አዲስ ሲሆን 0-0-0 ላይ ይከፈታል። ቁጥሩን ለመቀየር ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ በጎኑ ወይም በውስጡ ያለችውን ትንሽ ቁልፊት በእስክርቢቶ ጫፍ ቀጭ እስክትል ትጫናላችሁ፤ የፈለጋችሁትን ቁጥር ታዞራላችሁ፤ ከዚያ መጎተቻዎቹን የሚለቀውን ተንሸራታች ገፋ ስታደርጉት ቁልፊቷ ተመልሳ ትወጣለች። ብልሽቱ ያለው እዚህ ነው። ቁልፊቷ በደንብ ሳትወጣ ከቀረች ወይም ጎማዎቹን ስታዞሩ አንዱ በሁለት ቁጥር መካከል ከቆመ፣ የማታውቁት ቁጥር ይመዘገባል። ስለዚህ ክዳኑ ክፍት ሳለ ሦስት ጊዜ ቆልፋችሁ ክፈቱ፣ ቁጥሩንም በስልክ ፎቶ አንሱት። ከዘነጋችሁት መጀመሪያ የምታስታውሱትን ቁጥር እያንዳንዱን ጎማ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች እያላችሁ ሞክሩ፤ ከ000 እስከ 999 መሄድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥሩ ጎን መጎተቻዎቹ አካሉ ውስጥ ገብተው ስለሚያዙ በዙሪያው አይነዱም፣ የእስክርቢቶውንም ዘዴ ያጋልጣል። ደካማው ጎን፣ የመጎተቻዎቹ ቀጭን ጫፍ አንዴ ከተሰበረ ቁልፉ እንዳለ ከንቱ ይሆናል፣ መለዋወጫ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ሱቅ ውስጥ ቆልፋችሁ መጎተቻዎቹን በኃይል ሳቡ፤ ከተወዛወዙ ሌላ ሻንጣ እዩ።

ዚፕ ከነጭራሹ የሌላቸው፣ በጠርዝና በመያዣ የሚገጥሙ ሻንጣዎች የእስክርቢቶውን ነገር ያስቀራሉ። ለሌባ ከሁሉ የሚከብዱት እነዚህ ናቸው። ለእኛ መንገድ ግን ክብደት አለ፦ ትልቁ የአልሙኒየም ሻንጣ ባዶውን 6 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ከተፈቀደው 23 ኪሎ ላይ ሲቀነስ የጎደለው በቀጥታ ከሽሮው ነው። ከፕላስቲክ የተሠሩት ይቀላሉ። ሌላው እክል ከመጠን በላይ ሞልቶ ጉልበት ተጭኖበት የተዘጋ ከሆነ፣ ፈታሽ ከፍቶ መልሶ መግጠም ያቅተዋል፤ ጠርዙ በትክክል ያልገጠመ ሻንጣ ደግሞ መንገድ ላይ ይፈነዳል።

ከሁሉ ርካሹና የሚናቀው ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚያስሩበት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። መጎተቻዎቹን ከእጀታው ጋር አስሮ ይይዛል፤ የከፈተው ሰው ቆርጦ ካልሆነ አይከፍተውም፤ መቆረጡም ወዲያው ይታያል። ተከታታይ ቁጥር የታተመበትን ከገዛችሁ በሌላ ሊተካ አይችልም፤ ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ጥቂት ትርፍ በሻንጣው የውጭ ኪስ አስቀምጡ፣ የጥፍር መቁረጫ ደግሞ በእጅ ሻንጣ፤ የጥፍር መቁረጫ ይፈቀዳል። ለገንዘባችሁ ስስት ካላችሁ ከሽቦ ገመዱ ጓጉንቸር በኋላ ምርጫችን ይህ ነው፤ ከደረቁ ጓጉንቸር ይበልጣል።

ቦሌ ላይ በፕላስቲክ ማስጠቅለልን በተመለከተ፣ ያረጀ ዚፕ እንዳይፈነዳና ቸኩሎ እጁን የሚያስገባ ሰው እንዲተወው ያደርጋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ መጨረሻ መድረሻችሁ በቀጥታ ለምትበሩ ዋጋውን ያወጣል። ከአሜሪካ ስትነሱ ግን ቲኤስኤ ሻንጣውን መክፈት ከፈለገ ፕላስቲኩን ቀዶ ይከፍታል፣ መልሶ አይጠቀልልላችሁም። ጓጉንቸሩን ከፕላስቲኩ ሥር መቅበር ደግሞ የባሰ ነው፤ ቁጥሩ የማይታይ ቁልፍ ለፈታሽ እንደሌለ ነው።

ምልክቱ ያለበት ቁልፍ የሚጠቅመው ፈታሾቹ የጋራ መክፈቻው ባላቸው አገር መሆኑን አትርሱ፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እስራኤል፣ ጃፓንና ሌሎች አገሮች። መንገዱ እነዚህን የማይነካ ተጓዥ ለምልክቱ ተጨማሪ መክፈል አያስፈልገውም። ቦሌ ላይ ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣው ሁሉ በኤክስሬይ ሲያልፍ ባለቤቱ አጠገቡ ነው፤ ክፈት ቢባል ራሱ ይከፍታል። ስለዚህ የፕላስቲክ ማሰሪያውን የምታስሩት፣ የምታስጠቀልሉትም ይህን ፍተሻ ካለፋችሁ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ያሰረ እዚያው ቆርጦ ይጀምራል። አሜሪካ ስትገቡ ደግሞ በመጀመሪያው ኤርፖርት ሻንጣችሁን ወስዳችሁ በጉምሩክ ታልፋላችሁ፤ ወደ ሌላ ከተማ የምትቀጥሉ ከሆነ መልሳችሁ ታስረክባላችሁ። ቲኤስኤ ሻንጣውን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ምልክት የሌለው ጓጉንቸር ከአዲስ አበባ ደህና መጥቶ ደንቨር ሲደርስ ተቆርጦ የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሻንጣችሁ እንዲከፈት የሚያደርገው ምንድን ነው? ሻንጣው ካስረከባችሁት በኋላ የሚገባበት ማሽን እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ዙሪያውን እያነሳ በንብርብር ያየዋል፤ የእያንዳንዱን ነገር ጥቅጥቅነት ያሰላል። የአንዳንድ ምግብ ጥቅጥቅነት ከፈንጂ ጋር ይቀራረባል። ማሽኑ ሲጠራጠር ኦፕሬተሩ ምስሉን ያያል፤ ካልጠራለት ሻንጣው ወደ መክፈቻ ክፍል ይሄዳል። እዚያ ፈታሹ የተጠረጠረውን ዕቃ ለይቶ ያወጣል፣ በጨርቅ ጠራርጎ ጨርቁን ሌላ መመርመሪያ ውስጥ ያስገባል፣ ንጹሕ ከሆነ ይመልሳል። ግሊሰሪን ያለበት ቅባት ይህን መመርመሪያ ሊያስጮኽ ይችላል፤ ፊታችሁን ግሊሰሪን የምትቀቡ ሰዎች በቀባችሁበት እጅ ሻንጣ ባታሽጉ ጥሩ ነው። ጠርሙሱንም በሚዘጋ ፌስታል ለብቻው አድርጉት።

አምስት ኪሎ በርበሬ ታጭቆ እንደ ጡብ ሲጠነክር፣ ከሥሩ ሽሮ፣ ከጎኑ ንጥር ቅቤ ሲደረደር ለማሽኑ አንድ ትልቅ ጥቁር ቁራጭ ነው። እንዳይከፈት ዋስትና የለም፤ ከተከፈተ ግን ሥራው በአንድ ደቂቃ እንዲያልቅ ማድረግ ይቻላል። በአንድ ኪሎ፣ በአንድ ኪሎ አድርጉና በሚያሳይ ወፍራም ፌስታል ድርብ አድርጋችሁ እሸጉ። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ ከላይኛው ንብርብር አስቀምጡት፣ በጫማና በልብስ መካከል አትቅበሩት። በእንግሊዝኛ ምን እንደሆነ ጻፉበት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ በቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ማሰር ከልማዶቻችን ሁሉ የከፋው ነው፤ ፈታሹ ቢላዋ ያነሳል፣ ቀሪው በርበሬ ነጭ ሸማችሁ ላይ ነው። ቅቤና ማር ማሰሮው አፍ ላይ ፕላስቲክ ተደርጎ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከዚያ በፌስታል ይግባ፤ ሲከፈት ክዳኑ ሳይጠብቅ ሊመለስ ይችላልና ፌስታሉን አትርሱ። መጽሐፍ ከተሸከማችሁ አንድ ላይ አትቆልሉ፣ ዘርጉት።

በእጅ ሻንጣ ላስገባው የሚል ሰው ከ2018 ሰኔ ወር ማብቂያ ጀምሮ የሚሠራውን ደንብ ይወቅ፦ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ጣሳ ለስላሳ ያህል በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ለብቻው ይመረመራል፤ ካልጠራ ይቀራል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የተፈጨ ቡና ሁሉም ዱቄት ነው። ቅቤና ማር ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትሩ የፈሳሽ ደንብ ይያዛሉ። ቋንጣ የሥጋ ውጤት በመሆኑ በየትኛውም ሻንጣ ቢሆን ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ይህ የጉምሩክ እንጂ የቁልፍ ጉዳይ አይደለም፤ ደብቆ መገኘት ግን ያስቀጣል።

ፓወር ባንክ ካርጎ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፤ ከተገኘ ሻንጣው ይከፈታል ወይም ይቀራል። በእጅ ሻንጣ ሲያዝ ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ፦ 20000 የሚለው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ያልፋል፤ 30000 የሚለው 111 ነው፣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። የእጅ ሻንጣችሁ አውሮፕላኑ በር ላይ ቦታ የለም ተብሎ ወደ ታች ሲወሰድም ፓወር ባንኩን አውጥታችሁ ያዙ። ባትሪ የተገጠመላቸው “ዘመናዊ” ሻንጣዎችን የአሜሪካ አየር መንገዶች ከ2018 ጥር ጀምሮ ባትሪው ካልወጣ አይቀበሉም፤ በዚያው ዓመት ከታወቁት አምራቾች አንዱ ብሉስማርት ሱቁን ዘጋ። ኤርታግና መሰሎቹ የዕቃ መፈለጊያዎች በትንሽ ክብ ባትሪ ስለሚሠሩ ይፈቀዳሉ፤ ሻንጣው ሲቀር የት እንደቀረ ያሳያሉ፣ ማን እንደከፈተው አያሳዩም።

ከባልቲሞር ወይም ከማያሚ በክሩዝ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ይለያል። ወደቡ ላይ የሚፈትሹት የቲኤስኤ ሠራተኞች አይደሉም፤ የመርከብ ድርጅቱ የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ሻንጣው በኤክስሬይ አልፎ ካውያ፣ የውኃ ማፍያ ወይም የተከለከለ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ከታየበት ካቢናችሁ በር ላይ አይደርስም፤ ተለይቶ ይያዛል፣ ሄዳችሁ እናንተው ትከፍታላችሁ። ስለዚህ ባለ ቁጥር የሆነ ማንኛውም ቁልፍ ይሠራል። ከመርከቡ በሚወረድበት ዋዜማ ማታ ሻንጣው ኮሪደር ላይ ያድራል፤ መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ወርቅ ከዚያ በፊት ወደ እጅ ቦርሳ ይዛወሩ።

ለአውሮፕላኑም እንዲሁ ነው። ወርቅ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ላፕቶፕ፣ ካሜራና የሰነድ ዋና ቅጂ ካርጎ አይገቡም፤ አየር መንገዶች በውል ሰነዳቸው ለእንዲህ ያለው ዕቃ ኃላፊነት እንደማይወስዱ ይጽፋሉ። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፍ በረራ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ሻንጣ የሚከፈለው ጣሪያ ከ2024 ታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1519 ኤስዲአር (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ)፣ ማለትም ከ2000 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለሁለትም ሻንጣ ቢሆን ያው ነው።

ቀይ ምልክት ወይም የተቆረጠ ማሰሪያ ካያችሁ ሻንጣውን ሳትከፍቱ ቁልፉን፣ ዚፑን፣ የሻንጣ ታጉንና ሻንጣው ሚዛን ላይ የነበረውን ኪሎ የሚያሳይ ወረቀት ካለ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ከአዳራሹ ሳትወጡ የአየር መንገዱ የሻንጣ ክፍል ሄዳችሁ የጉዳት ሪፖርት አስሞሉና ቅጂውን ያዙ። ቤት ከገባችሁ በኋላ መጉደሉን ያወቃችሁት ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ፤ ቀኑ ካለፈ መብቱ ይቀራል። ውስጡ የቲኤስኤ ወረቀት ከተገኘና ጉዳቱ በፍተሻው ጊዜ ደረሰ ብላችሁ ካመናችሁ ለቲኤስኤም ለብቻው ማመልከት ይቻላል፤ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የተቆረጠ ጓጉንቸር ግን አትጠይቁ፤ ቲኤስኤ ለመክፈት ብሎ ለቆረጠው ቁልፍ እንደማይከፍል አስቀድሞ እዚያው ወረቀት ላይ ጽፎታል።